ቡሬ ካልታለበች እማማ አይበሉም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህቺን ዘልያታለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምላሴ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ጽሑፍ ቢያንስ ዓይን ዓይኔን አያየኝምና ልሞክረው።

የባለቤቴን እናት ላም ያሸጥኳት እኔ ነኝ።

ላሚቱ ቡሬ ትባላለች። እማማ አስካለ ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጃቸው ያሳደጓት ናት። እኔ አሰላ የገባሁት አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ ነው። አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከባልደረቦቼ ጋር ሊጠይቁኝ መጡና፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ሳያልፉ አዲሱን ጫማቸውን እበት ውስጥ ነከሩት። እሳቸው ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። በሳምንቱ ባለቤቴን ይርዳውን፣ "እናትህ ደክመዋል፤ ላሚቱ ከብዳቸዋለች፤ ለመናገር አፍረው ነው" አልኩት። እማማን ደግሞ፣ "ይርዳው ላሚቱ ትሸጥ ብሏል" አልኳቸው። እሱ እናቱን ያሳረፈ መሰለው። እሳቸው የልጃቸውን ቃል ማጠፍ አልፈለጉም። ቡሬ ሦስት ቤት አልፋ ለአዴ ከድጃ ተሸጠች፤ ይርዳውም ለመንገድ ሥራ ወደ ጅማ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እማማ ጠዋት ጠዋት የሚነሱለት ነገር አጡ። ሦስት ወር እንዲህ ከርመው ትኩሳት ያዛቸው። ትኩሳቱ በመርፌ ለቀቃቸው፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አብሮት ሄደ። ገንፎ ስላቸው እምቢ። ሾርባ ስላቸው እምቢ። አራት ቀን ሻይና ውሃ ብቻ። ልታያቸው የመጣችው ነርስ ቀጭን ክንዳቸውን ይዛ፣ "ቲቸር፣ ዛሬ እህል ካልቀመሱ እፈራላቸዋለሁ" አለችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ስመኝ።"

"አቤት፣ እማማ።"

"ያችን የተማሪ ቁርስሽን ብትሠሪልኝ።"

የተማሪ ቁርስ የሚሏት፣ በተማሪነቴ ከአንድ መጥበሻ በቀር ዕቃ ሳይኖረኝ የለመድኳትን ነው። እንቁላል ይመታል፣ ዳቦ ይነከርበታል፣ አይብ በመሃሉ ይደረጋል፤ ሁሉም ነገር በዚያችው መጥበሻ ተጀምሮ በዚያችው ያልቃል። ከእጄ ሥራ አመስግነው የበሉት እሷን ብቻ ነበር።

"አሁን እሠራለሁ!" አልኩ።

"ዛሬ ከሆነ ነው። ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም።"

"ለታመመ ሰው እኮ ይፈቀዳል፣ እማማ።"

"ለታመመ። እኔ መቼ ታመምኩ? ደከመኝ እንጂ።"

ዳቦ ነበረኝ። ዘይት ነበረኝ። መጥበሻዬም ነበረች። አይቡን በኋላ አስብበታለሁ አልኩ። እንቁላል ግን አልነበረኝም፤ ሱቁም አልቆበታል፣ ገበያውም ቅዳሜ ነው። እንቁላል ከሌለ እማማ አይበሉም።

ዶሮ ወደሚያረቡት ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ነገዎ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ አራት እንቁላል ይሽጡልኝ።"

"በብር?"

"በብር ነዋ።"

"ብርሽን ያዢ። ዶሮዎቼ ከትናንት ጀምሮ የሚበሉት የላቸውም፤ ዶሮ ደግሞ ብር አትበላም። ፉርሽካ አምጪና ስድስት ውሰጂ።"

ለእማማ ነው ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አላልኩም። እማማ ምን ሆኑ ይሉኛል፤ ከመቼ ጀምሮ ይሉኛል፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ላሚቱ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ፉርሽካ ከሌለ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ እማማ አይበሉም።

ወፍጮ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ባለቤቱ ሱልጣን ደጃፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"ሱልጣን፣ ትንሽ ፉርሽካ ፈልጌ ነበር።"

"ቲቸር፣ ፉርሽካ ከየት ይመጣል? ስንዴ ሲፈጭ አይደል? ወፍጮው ደግሞ ይኸው ዝም ብሏል፤ ቺንጋው ተበጥሶ።" ተነሣና ያንን ረጅም የሞተር ቀበቶ እንደ ፎጣ አንገቴ ላይ ጣል አደረገልኝ። "መንገድሽ ከሆነ ለዳምጤ ለጫማ ሰፊው አድርሺልኝ። ሰፍቶ ከመለሰልኝ ፉርሽካ በጆንያ አሸክምሻለሁ።"

መንገዴ አልነበረም፤ ግን መንገዴ ነው አልኩት። ቺንጋው ካልተሰፋ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ፉርሽካ የለም፤ ፉርሽካ ከሌለ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ እማማ አይበሉም።

ዳምጤ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። የሁለት ዓመት ልጁ ቀኝ እጁን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች።

"እናቷ ለቅሶ ሄዳለች" አለኝ፣ ከጩኸቷ በላይ እየጮኸ። "ከነጋ እንዲህ ናት! በአንድ እጅ ደግሞ ቺንጋ አይሰፋም!"

"እስቲ እኔ ልያዛት" አልኩ። ልጅቷ መነጽሬን አየችና ድምጿን እጥፍ አደረገችው።

"ተያት፣ ተያት! ሰው ሳይሆን ወተት ነው የምትፈልገው። ወተት ጠጥታ እንቅልፍ ከወሰዳት ቺንጋሽን አሁኑኑ እሰፋልሻለሁ!"

ወተት ከሌለ ልጅቷ ዝም አትልም፤ ልጅቷ ዝም ካላለች ዳምጤ አይሰፋም፤ ቺንጋው ካልተሰፋ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ፉርሽካ የለም፤ ፉርሽካ ከሌለ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ እማማ አይበሉም።

በሰፈራችን ወተት ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። የአዴ ከድጃ ቤት። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ በር ላለማለፍ ስል በትልቁ መስጊድ በኩል ዞሬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። እግሬ አልሄድ አለ። የእማማን ክንድ አስታወስኩና ሄደ።

"ነይ ግቢ!" አሉኝ አዴ ከድጃ። "በደጄ ማለፍ የተውሽው በየት በኩል እየሄድሽ ነው? ክንፍ አወጣሽ?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አዴ። ወተት ፈልጌ ነበር።"

"ወተት? ነይ፣ ወተት ላሳይሽ!" እጄን ይዘው ወደ ጋጣው ወሰዱኝ። ባልዲው ተገልብጧል። ቡሬ ጡቷ አብጦ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። "የለመደችው የልጄን እጅ ነበር፤ ልጄ እሑድ አግብታ ሄደች። ከትናንት ጀምሮ እኔን ትራገጣለች። ይኸው ጉልበቴን እዪ! ያሳደጋት እጅ ካልነካት አትሰጥም። በይ ሂጂና እትዬ አስካለን ጥሪልኝ።"

"አይችሉም፣ አዴ።"

"ለምን አይችሉም?"

"ታመዋል። አራት ቀን እህል አልቀመሱም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። አዴ ከድጃ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ያ ረቢ! ታዲያ አንቺ ቺንጋ አንገትሽ ላይ ጠምጥመሽ ምን ያዞርሻል?"

ቺንጋውን ለዳምጤ መስጠት ረስቼ ነበር። ያጋጠመኝን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እማማ ካልመጡ ቡሬ አትታለብም፤ ቡሬ ካልታለበች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ልጅቷ ዝም አትልም፤ ልጅቷ ዝም ካላለች ዳምጤ አይሰፋም፤ ቺንጋው ካልተሰፋ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ፉርሽካ የለም፤ ፉርሽካ ከሌለ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ እማማ አይበሉም፤ እማማ ካልበሉ ደግሞ አይመጡም።

አዴ ከድጃ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከጓዳ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አይብ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። "ከእሑድ የቀረ ነው፤ የቡሬ ነው። ይህን እንኳ አቅምሺያቸው።"

ቤት ስደርስ እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

"እንቁላሉስ?" አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከእንቁላሉ ጀመርኩ። የጋሽ ነገዎን ዶሮዎች ነገርኳቸው፣ ዝም። የሱልጣንን ወፍጮ፣ ዝም። የዳምጤን ልጅ ስነግራቸው ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። "ወተቱ ደግሞ የለም፤ ቡሬ አልታለብም ብላ..."

ዞሩ።

"ቡሬ ምን ሆነች?"

"ወተቷን ይዛለች። ጡቷ አብጧል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት።"

"ከትናንት! ጡቷ እንዲህ ሆኖ አንቺ ስለ ዶሮ ታወሪኛለሽ?" በክርናቸው ተነሡ። "ነጠላዬን አምጪ።"

"እማማ፣ አቅም የለዎትም እኮ!"

"ነጠላዬን አምጪ አልኩሽ።"

ሦስቱን ቤት ለማለፍ አራት ጊዜ ቆምን። ክብደታቸው ክንዴ ላይ የአንድ ከረጢት ያህል እንኳ አልነበረም። ጋጣው በር ላይ ሲደርሱ ክንዴን ለቀቁ።

"ቡሬ። ቡሬዋ። እኔ ነኝ።"

ላሚቱ ጆሮዋን አዞረች፣ ቀጥሎም አንገቷን። እማማ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ግንባራቸውን ጎኗ ላይ አሳረፉ። "እኔ አልሸጥኩሽም" አሏት፣ በለሆሳስ። "ልጄ ነው። እሱም ለእኔ አስቦ ነው፤ አትቀየሚው።"

እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ግን እንደ ቡሬ ሆነች፣ ያላትን ይዛ ቀረች። የወተቱ ድምፅ ባልዲው ውስጥ ጮኸ።

እማማ ተነሡ፤ ቡሬም ታለበች። ወተቱን አፍልቼ ለዳምጤ ልጅ ወሰድኩላት፤ ጠጣችና መነጽሬን እንደያዘች ተኛች። ልጅቷ ተኛች፤ ዳምጤ ሰፋ። "ለእትዬ አስካለ መሆኑን ብትነግሪኝ በጥርሴም ይዤ እሰፋው ነበር!" ብሎ ተቆጣኝ። ቺንጋው ተሰፋ፤ ወፍጮው ዞረ። ሱልጣን፣ "ታመው ነው? ታመው?" እያለ ፉርሽካውን ራሱ ተሸክሞ ሮጠ። ፉርሽካው መጣ፤ ዶሮዎቹ በሉ። ጋሽ ነገዎ ባርኔጣቸውን ሙሉ እንቁላል ይዘው ግቢያችን ገቡ።

"ቲቸር፣ እኔ አረመኔ እመስልሻለሁ?"

"ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ። አፍሬ ነው።"

"እንቁላል መጠየቅ ምኑ ያሳፍራል?"

እንቁላሉን ተቀበልኳቸው። ያፈርኩት በእንቁላሉ አልነበረም።

መጥበሻዬን ጣድኩ። ሦስት እንቁላል በጨው መታሁ። ዘይቱ ሲሞቅ አፈሰስኩትና ሁለት ቁራጭ ዳቦ ጎን ለጎን አስተኛሁበት፤ ወዲያው ገለበጥኳቸው፣ ሁለቱም ፊታቸው እንቁላል እንዲጠጣ። ከሥር ሲይዝ እንዳለ ገለበጥኩት። የተረፈውን የእንቁላል ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፍኩ፤ አይቡን በአንዱ ዳቦ ላይ በተንኩ፤ ሌላውን ደረብኩበትና በጭልፋ ጫን አደረግኩት። ሌላ ምንም የለውም። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ ግማሽ ቀን ፈጀሁበት።

እማማ አንድ ጎረሱ። አኘኩ። ሁላችንም እናያቸዋለን፤ ጋሽ ነገዎ ባዶ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ሱልጣን ዱቄት እንደለበሰ፣ አዴ ከድጃ ጉልበታቸውን እያሹ።

"ጨው አንሶታል" አሉ እማማ።

አዴ ከድጃ እልል አሉ። ጨው አነሰኝ ያለ ሰው መብላት ጀምሯል። እማማ አንዱን ጨረሱ፤ ሌላ ጠየቁ። እኔ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብዬ ዘይቱ ዓይኔ ውስጥ የገባ አስመሰልኩ።

ሰዎቹ ሲሄዱ እጄን ያዙኝ። "እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ያን ሁሉ ደጅ ጠናሽልኝ። አንቺ ባትኖሪ ቡሬን መልሶ ማን ያገናኘኝ ነበር?"

በጥፊ ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ ማታ ማታ ስጸልይ ያንን ማክሰኞ አመሰግናለሁ፤ ብር የማይበሉትን ዶሮዎች፣ የተበጠሰውን ቺንጋ፣ እምቢ ያለችውን ልጅ። አንዱ እንኳ እሺ ብሎኝ ቢሆን እማማ ከአልጋቸው የሚነሡ አይመስለኝም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። እማማ ቀድመውኝ ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። በርጩማቸውን ያዝኩላቸውና አብረን ሄድን። ጋጣው ውስጥ፣ "እማማ፣ ያስተምሩኝ" አልኳቸው። ተገርመው አዩኝና ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። የቡሬ ጎን ፊቴ ላይ ሞቀኝ።

"እማማ" አልኩ፣ "ቡሬን እኮ ያሸጣት..."

"እሽሽ" አሉኝ። "ሲታለብ ወሬ አይወራም፤ ትደነግጣለች።" እጃቸውን እጄ ላይ ደረቡ። "ከላይ ያዢ። አትጨምቂ፤ አባብያት።"

ሰምተውኝ ይሁን ሳይሰሙኝ፣ አላውቅም። እንዳሉኝ ከላይ ያዝኩ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ቀሚሴ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋን ባልዲው ውስጥ አለብኩ።