ሽቦዋን የለቀቁ ሦስት ወንድማማቾች

ተረት ላወራችሁ ነው። «ጆሯችን ያንተ ነው» በሉኝ። ጮክ በሉ እንጂ፣ እህል አልቀመሳችሁም እንዴ? እሺ፣ አሁን ተሰማኝ።

ድሮ ነው፤ ዕቃ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን። በአንድ ነፋሻማ ሜዳ ላይ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ሦስቱም ኢንቨርተሮች ናቸው። ታላቅየው የነፋሱን ጉልበት፣ መካከለኛውና ታናሽየው የፀሐይዋን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጡ ለአሮጊቷ ሽቦ ያስረክባሉ። እሷም ተሸክማ ወደ ከተማውና ወደ ጤና ጣቢያው ትወስዳለች። እዚያ ሳምባው ያልጠና ሕፃን በኦክስጅን ማሽን ይተነፍሳል። እናቱ አስረበብ ከአጠገቡ አትለይም። አያቱ ጋሽ ሞላልኝ ደግሞ የሦስቱ ወንድማማቾች ጠጋኝ ናቸው።

አንድ ቀን ጦጣ ከዛፍ ላይ ወደ ሽቦዋ ዘለለች። ጠሽ! የሽቦዋ ጉልበት ከዳት።

«ልጆቼ፣ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ብቻ ደግፉኝ! ንክኪው አሁን ይለቃል» አለች።

«እኔስ? ሆዴ ቢቃጠልስ?» አለ ታላቅየውና ለቀቃት።

መካከለኛው ያዛት። ታናሽየውም ያዛት፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን ሰጣት። ጦጣዋ ወደቀች፣ ንክኪው ለቀቀ፣ ሽቦዋ ተነሣች። የሕፃኑ ማሽን አንዴ ተንገራግጮ ሥራውን ቀጠለ። ታናሽየው ግን ሆዱ ተለብልቧል።

ጋሽ ሞላልኝ መጡ። ታላቅየውን በጨርቅ ወልወል አድርገው፣ «ጎበዝ! ጭረት እንኳ የለብህም፤ ተባረክ» አሉት። ወደ ታናሽየው ዞሩና፣ «አንተ ደረቅ! ለቀህ ብትተርፍ ምን ነበረበት? ይኸው ታስለፋኛለህ» አሉት።

እዩልኝ እንግዲህ! የልጅ ልጃቸውን እስትንፋስ የያዘውን ሰድበው የለቀቀውን መረቁ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ቀን ቁራ ለጎጆዋ የሚሆን ቁራጭ ብረት በአፏ ይዛ መጣችና በአሮጊቷ ላይ ጣለችው። ጠሽ!

«ልጆቼ፣ ደግፉኝ!»

ታላቅየው ለቀቀ። መካከለኛውም ምርቃቱ አማረውና ለቀቀ። ታናሽየው ብቻውን ቀረ፤ እየተንቀጠቀጠ ያዛት። ለጥቂት ተረፈች።

«አባዬ፣ ማሽኑ ሊቆም ነበር። የልጄ ከንፈር ጠቁሮ ነበር» አለች አስረበብ፣ አባቷ ሊጠይቋት ብቅ ሲሉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ መብራቱ መቼ ጠፋ?» አሉና ወደ ሜዳው ሄዱ። ሁለቱን ጤነኞች መረቁ። ታናሽየውን ግን በጥፊ አጮሉት፤ የተቃጠለ ሆዱንም እያጉረመረሙ ጠገኑለት።

በሳምንቱ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦዋ ላይ ወደቀ። ጠሽ!

«ልጆቼ!»

ታላቅየው ለቀቀ። መካከለኛው ለቀቀ።

«አንተስ፣ የኔ ልጅ?» አለች ሽቦዋ ታናሽየውን።

«እማማ፣ ጋሽ ሞላልኝ ይቆጡኛል» አላትና እሱም ለቀቃት።

ቅርንጫፉስ ወዲያው ተንሸራቶ መሬት ወርዷል። ግን ሽቦዋን ደግፎ የሚያነሣት አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ ከተማው ሁሉ ኤሌክትሪክ አጣ። ጋሽ ሞላልኝ ሮጠው መጥተው ሦስቱን ወንድማማቾች አንድ በአንድ እስኪያስነሡ ሰዓት ሄደ። ሕፃኑ ያን ያህል መጠበቅ አልቻለም። ክርስትና ሊነሣ ሦስት ቀን ነበር የቀረው።

ጋሽ ሞላልኝ መርዶውን የሰሙት እዚያው ታናሽየው ፊት እንደ ቆሙ ነው። ጨርቃቸው ከእጃቸው ወደቀ። ታናሽየው ቀና ብሎ አያቸው።

«ጋሽ ሞላልኝ፣ ዛሬ እኔም ጭረት የለብኝም። አይመርቁኝም?» አላቸው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ዛሬ አፌን በምንም አታብሱልኝ። በጭንቅ ቀን ሸክሙን ይዞ የተቃጠለውን እየሰደብን ጥሎ የዳነውን ካመሰገንን፣ ሁሉም መጣልን ይማራል። ያስተማርነውም እኛው ነን።