አማትና አማች በጠፈር መርከብ

አንድ ሰው ነበር። አዳማ የሚኖር፣ ሥራውን የሚወድ፣ ሚስቱን የሚወድ፣ ከሁለቱ ቀጥሎ ደግሞ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚወድ ሰው። ከሁለቱ ቀጥሎ ያልኩት እሱ እንደዚያ ስላለኝ ነው። ሚስቱ ግን ይህን ቅደም ተከተል አትቀበለውም።

መጽሐፍ ስላችሁ ከወረቀት የተሠራውን እንዳታስቡ። የዚህ ሰው መጻሕፍት ሁሉ ታብሌቱ ውስጥ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ውሎ ይመጣል፤ ዓርብ ማታ አንድ አዲስ መጽሐፍ ያወርዳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል። ወዴት ይሄዳል? ሁለት ፀሐይ ወደሚወጣበት ዓለም፣ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ መርከብ ውስጥ አርጅቶ ወደሚሞትበት ጠፈር። እሑድ ማታ ይመለሳል፤ ሰኞ ጠዋት ከረባቱን አስሮ ሥራ ይገባል።

ይህ ኃጢአት ነው? አይደለም። ወደ ሰማይ ቀና ብሎ መደነቅ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ማናችን እንተርፍ ነበር? እኔ መጽሐፍ ከሚያነብ ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ነገሩ ሌላ ነው፤ ስሙኝ።

የዚህ ሰው ሚስት ሃዊ ትባላለች። አባቷ አቶ ቱፋ ወንጂ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በትራክተር ነጂነት ያሳለፉ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ከሞተር ድምፅ በላይ ጮክ ብለው ማውራት የለመዱ ሰው ናቸው። አማቻቸው ደግሞ ዝምተኛ ነው። እሳቸው ሲመጡ ተነሥቶ ይስማቸዋል፣ ጤናቸውን ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚለው ያልቅበታል። አቶ ቱፋ «ይህ የተማረ ልጅ ንቆኛል» ይላሉ በልባቸው። እሱም «እኚህ ሰውዬ አልወደዱኝም» ይላል በልቡ። ከሠርጉ ጀምሮ ለዓመታት እንዲህ ኖሩ።

ጠብ አልነበረም፣ ወገኖቼ። ጠብ ቢኖር እኮ ይሻል ነበር። ለተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላካል። ለዝምታ ማን ሽማግሌ ይልካል?

እንዲህ እያለ የአቶ ቱፋን ዓይን ሞራ ጋረደው። አዳማ መጡና አንደኛው ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በፋሻም ተሸፈነ። ያልተሠራው ዓይን ከጥላ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ሐኪሙ እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሡ፣ ከሁሉም በላይ አቧራ እንዳይነካቸው አስጠነቀቃቸው። ሰኞ ፋሻው ይፈታል፤ እስከዚያ ልጃቸው ቤት ይቆያሉ ተባለ።

ሃዊ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ያን ሰሞን ተረኛዋ እሷ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት አባቷን ለባሏ አደራ ሰጥታ ወጣች። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አንደኛው ሶፋ ላይ አቶ ቱፋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሌላኛው ላይ አማቻቸው ታብሌቱን ይዟል፤ ሲጠብቀው የከረመው መጽሐፍ ወጥቶለታል። በመካከላቸው የሚሰማው የግድግዳ ሰዓቱ ብቻ ነበር።

እስቲ በአቶ ቱፋ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አታዩም። የሚያናግራችሁ የለም። ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ሲተነፍስ ይሰማችኋል። የሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ናችሁ። ትቆያላችሁ?

እሳቸውም አልቻሉም። ከተቀመጡበት ተነሡና መናኸሪያ እንዲያደርሳቸው ጠየቁት። ሰው ማስቸገር እንደማይወዱ፣ የራሳቸውን ቤት በዳሰሳም ቢሆን እንደሚያውቁት ነገሩት። አማቻቸው ደነገጠ። ሐኪሙ ያለውን አስታወሳቸው፤ የመንገዱን አቧራ፣ የሚኒባሱን ግፊያ አነሣባቸው። አልሰሙትም። ግድግዳውን እየዳሰሱ ጫማቸውን ፈለጉ። ሃዊ ጋ ደወለ፤ አታነሣም። ዓይናቸው ቢበላሽ ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግራታል? አጥብቆ እንዳይከለክላቸው ደግሞ በምን አፉ? ከእሳቸው ጋር ማውራት አልለመደም።

አቶ ቱፋ አንዱን ጫማ አጠለቁ። ሁለተኛውን እየፈለጉ ሳሉ፣ ምናልባት ዝምታው ስለ ከበዳቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቁት።

«መጽሐፍ እያነበብኩ ነው፣ አባባ።»

ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁት። አፈረ። ለአንድ ሽማግሌ ይህን እንዴት ብሎ ይናገራል? እየተንተባተበ፣ በጠፈር ውስጥ ስለምትሄድ መርከብ እንደሆነ፣ ብዙ ሕዝብ ጭና ወደ ሌላ ዓለም እንደምትጓዝ ነገራቸው። ሊስቁብኝ ነው ብሎ ጠበቀ።

አቶ ቱፋ ጫማ መፈለጉን ተዉት። ከዚያ «ነዳጁን ከየት ታገኛለች?» አሉት።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚስቱ አልጠየቀችውም። የቢሮ ጓደኞቹ አልጠየቁትም። ስለ ነዳጁ ነገራቸው። የያዘችው ልክ ለመንገዷ የሚበቃ ብቻ እንደሆነ፣ ከኋላዋ ሌላ መርከብ ተሰብራ የድረሱልኝ ጥሪ እንዳሰማች፣ ካፒቴኑ ከተመለሰ ነዳጁ ላይበቃው እንደሚችል፣ ካልተመለሰ ደግሞ የኋለኞቹ እንደሚያልቁ። አቶ ቱፋ ሶፋው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ካፒቴኑ ምን እንዳደረገ ጠየቁ። እሱም ገና እዚያ እንዳልደረሰ ነገራቸው።

«እንግዲያማ አንብበው» አሉት።

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በዓይኑ እያነበበ በአፉ አማርኛ እያደረገ ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቃል ይጠፋዋል፤ ሲጠፋው በእጁ ያሳያል፤ ከዚያ እንደማያዩት ትዝ ይለውና እንደገና በቃል ይፈልገዋል። አቶ ቱፋ ደግሞ ዝም ብለው የሚሰሙ ሰው አይደሉም። ሕዝቡ ምን እንደሚበላ ይጠይቃሉ። ሰው ሲሞት የት እንደሚቀበር ይጠይቃሉ። ሰልችቶት አንድ ገጽ ሊዘል ሲሞክር ወዲያው ያዙት፤ ቅድም ታማ የነበረችው ሴትዮ የት እንደ ደረሰች ሳትነግረኝ አትለፍ አሉት። ተመልሶ አነበበ። እንዲህ ቀስ ብሎ መጽሐፍ አንብቦ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው። ምሳቸውን እንኳ ያስታወሱት የሰፈሩ ሰው ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ ነው።

አመሻሹ ላይ ሃዊ ከሥራ ተመለሰች። የአጥሩን በር ከፍታ ስትገባ ጩኸት ሰማች። የአባቷ ድምፅ ነው። የባሏም ድምፅ አለ፤ ያውም ከፍ ብሎ። ያ የምትፈራው ቀን ደረሰ አለች በልቧ። ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች።

ስትገባ ባሏ ታብሌቱን ይዞ መሐል ቤት ቆሟል። አባቷ አንድ ጫማ አድርገው፣ አንዱ እግራቸው በካልሲ፣ ጣታቸውን አንሥተው ይከራከራሉ። ባሏ ካፒቴኑ የጫነውን ሕዝብ ማሰብ እንዳለበት ይናገራል። አባቷ ደግሞ ሰው ከኋላው እየጠራው መንገዱን የሚቀጥል ሰው ነጂ አይደለም ይላሉ። እሷ መግባቷን ማንም ልብ አላለም።

ምን ሆናችሁ ብላ ስትጠይቅ ነው አባቷ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ ያዞሩት።

«ሃዊ፣ ባልሽ ለካ ይናገራል» አሉ። «ስንት ዓመት እዚህ ቤት መጥቼ ስሄድ እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ እንዳለ አላውቅም ነበር።»

እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ይሰሙኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ አባባ» አላቸው።

ሃዊ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ያን ዕለት ግን ወጥ ቤት ገብታ ማልቀሷን አልደበቀችኝም።

እሑድ ቀኑን ሙሉ አንብበው ጨረሱት። ካፒቴኑ ተመለሰ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ተመለሰ። ነዳጁ እንዴት እንደ በቃው ግን አልነግራችሁም፤ አንብቡት። ሰኞ ፋሻው ተፈታ፤ ዓይኑ በደህና ያያል። አቶ ቱፋ እቤት ሲገቡ ታብሌቱን ተቀበሉና አገላብጠው አዩት። ያ ሁሉ ሕዝብ የተጫነው በዚህች ላይ ነው ወይ ብለው አማቻቸውን ጠየቁት። አሁን አሁን ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ከወንጂ ወደ አዳማ የሚመጡት ልጃቸውን ለማየት ነው ይላሉ። ሃዊ ግን አታምናቸውም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

በስልካችሁ ውስጥ ስንት መጽሐፍ አለ? ስንት ዝማሬ፣ ስንት ታሪክ፣ ስንት የሚያስደንቃችሁ ነገር? እግዚአብሔር የሰጣችሁ ደስታ ነው፤ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ማን ያውቀዋል? ባልሽ ያውቀዋል? ልጅህ ያውቀዋል? አጠገባችሁ የተቀመጠችው እናታችሁ ስታነቡ ለምን ፈገግ እንዳላችሁ ታውቃለች?

እኛ ሰው አልወደደንም እንላለን። የምንወደውን ነገር አሳይተነው እናውቃለን? አይገባውም እንላለን። ጠይቀነዋል? ስንቶቻችን ነን ሰላምታ ብቻ እየተለዋወጥን አንድ ጣሪያ ሥር ያረጀን? ያ ሰው ከአማቱ ጋር ለመቀራረብ ንግግር አላዘጋጀም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። የሚወደውን ነገር በሚሰማ ድምፅ አነበበ። ይኸው ነው።

የሰንበቱ ቀን ገና አላለቀም። ቤት ስትደርሱ አንድ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል፤ ምናልባት እንደሚጠብቃችሁ እሱም አያውቅም። አጠገቡ ተቀመጡ። የምትወዱትን ክፈቱና ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። መጀመሪያ ድምፃችሁ ይንቀጠቀጣል፤ ቃልም ይጠፋችኋል።

ግድ የለም። አንብቡ።