የእመት ዘርፈሽዋል አፍና ከበሮ

በአንድ ወቅት፣ ሰሊጥ ከጤፍ ይልቅ በሚታፈስበት በቆላው ጫፍ፣ ጎሽ ውሃ በምትባል ከተማ፣ እመት ዘርፈሽዋል የሚባሉ የሠርግ አውራጅ ነበሩ። አውራጅ ማለት ዘፈኑን የምታነሣዋ ናት፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እመት ዘርፈሽዋል ከበሯቸውን አንግተው አንዴ «ሆ!» ካሉ የታመመ ሁሉ ይነሣ ነበር ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ! እኔ ግን ምርኩዙን ወርውሮ እስክስታ የወረደ ሽማግሌ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማታ ምርኩዙን አጥቶ ሲፈልግ ነበር።

በዚያች ከተማ አንድ የማይጣስ ሥርዓት አለ። አውራጇ በሕይወት እያለች፣ እሷ ካልፈቀደች በቀር፣ ተቀባይ የሆነች ሴት ዘፈን አታነሣም። በሠርግ ቤት ይቅርና በጓዳዋም ቢሆን! ከበሮውም አንድ ነው፤ ከአውራጅ ወደ አውራጅ ይሄዳል። ያንን ከበሮ በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት የከተማዋን ሙሽሮች ሁሉ ትድራለች፤ ከመኳንንት ሚስት በላይ ትከበራለች።

እመት ዘርፈሽዋል ሦስት ተቀባዮች ነበሯቸው። አንደኛዋ አንጓች ናት። የአንጓች አፍንጫ ጉድ ነው፤ ወተቱ መበላሸቱን ገና ከደጅ ታውቃለች፤ ካወቀች ደግሞ ዝም አትልም። ሁለተኛዋ ስመኝ ናት፤ እግሯ ቀላል፣ ምላሷ ጣፋጭ፣ የማታውቀው አገር ገብታ ከዘመድ ጋር ስትወጣ የምትገኝ። ሦስተኛዋ ይርገዱ ናት። ስለ ይርገዱ ብዙ የሚባል የለም፤ ዝምተኛ ናት፤ ግን አንድ ነገር ከያዘች በቅሎ እንኳ አትረታትም።

እንግዲህ የእመት ዘርፈሽዋል የልጅ ልጅ፣ ትርንጎ፣ ታጨች። እናቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የሰው ልጅ ሁሉ ሲድሩ ኖረው የራሳቸውን ሊድሩ ነው! ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እመት ዘርፈሽዋል ግን ሠርጉ በቀረበ ቁጥር ሳቃቸው እያጠረ መጣ። ጉንጫቸው አበጠ። ዘፈን ሊለማመዱ አፋቸውን ሲከፍቱ እንባቸው ይመጣል። አንድ ቀን ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ከበሮውን መሬት አስቀመጡና፣

«በሚካኤል ይሁንብኝ፣ ይህን አፌን የመለሰልኝ ሰው ከበሮዬን ይውሰድ! የትርንጎን ሠርግ ሳልዘፍን ከምቀር ብሞት ይሻለኛል» አሉ።

ጥርስ ነቃዩ አያ ቢተው ተጠሩ። አፍ አስከፍተው አዩ። ድዱ ጥቁር ነው። ምን ይሁን ታዲያ? የዚያ አገር ሴት በልጅነቷ ድዷን ትነቀሳለች፤ ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ። እመት ዘርፈሽዋልም በጊዜያቸው የተነቀሱ ቆንጆ ነበሩ፤ አሁንም ናቸው። አያ ቢተው ድዱን አለፉና የፊት ጥርሶቹን እያንኳኩ፣ «ትል ገብቶባቸዋል፤ እነዚህ አራቱ ይወጣሉ» አሉ። የፊት ጥርስ ከወጣ ደግሞ ዘፈን የለም፤ ትንፋሹ በክፍተቱ ያመልጣል። ሴትዮዋ ይህንን ያውቃሉ። ቢሆንም ሕመሙ አላስቆም አላስቀምጥ ስላላቸው በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ጉጠቱም ወጣ።

«አያ ቢተው፣ እጅዎን ይሰብስቡ!» አለች አንጓች።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«የሚሸተው ጥርሱ አይደለም፤ ድዱ ነው።»

«የሚሸተው» የሚለውን ቃል እስከዚያች ሰዓት ማንም ደፍሮ አልተናገረውም። ሰው ሁሉ እመት ዘርፈሽዋል ሲያወሩት ፊቱን ዞር እያደረገ፣ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ይል ነበር። ወይ ጉንፋን! በዚያ ሐሩር!

«እኔ ነኝ የምሸተው፣ አንጓች?» አሉ እመት ዘርፈሽዋል።

«አዎ እመት። አፈር ስሆን ይቅር ይበሉኝ፤ ይሸታል።»

እጇን ታጠበችና ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ተጫነችው። ምንም አላሉም። ድዳቸውን ተጫነችው። በስመአብ! ጩኸታቸው ገበያ ድረስ ተሰማ፤ ጣቷ ላይ መግልና ደም ወጣ። ቁስሉ ከንቅሳቱ ሥር ነበር፤ የድዱን መቅላት ጥቁሩ ሸፍኖት ኖሯል። አያ ቢተው፣ «እሷ ደግሞ ሐኪም ሆና ሞታለች!» ብለው አጉረመረሙ፤ ጉጠቱን ግን ከረጢታቸው ውስጥ መለሱት። ጥርሶቹ ተረፉ። እመት ዘርፈሽዋልም አንጓችን አላመሰገኑም። በሰው ፊት እንዲህ አዋርዳኛለች ብለው ተቀየሟት፤ ለሠርጉ ሽር ጉድ ሲባል እንኳ እሷን አላስጠሩም። አንጓች ቤቷ ተቀምጣ አለቀሰች።

ድዱ መሆኑስ ታወቀ። መድኃኒቱስ? ስመኝ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከወንዙ ማዶ፣ በነጋዴዎች ከተማ፣ ቫልጂ የሚባል ሕንዳዊ ቅመም ሻጭ አለ፤ አዩርቬዳ የሚባለውን የአባቶቹን የሕክምና ጥበብ ያውቃል፤ ሰው ሲታመም አስቀድሞ ምላሱን ነው የሚያየው ይባላል። ወንዙን ተሻገረች፤ ሱቁን ጠየቀች፤ ገባች።

«በሽተኛዋ የታለች?» አላት ቫልጂ።

«መንገድ አይችሉም። አሮጊት ናቸው።»

«ምላስ ሳላይ መድኃኒት አልሰጥም። አባቴም አልሰጠም፤ አያቴም አልሰጠም።»

ለመነችው፤ እንቢ አለ። አሞካሸችው፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ የሆነውን ሁሉ አጫወተችው፤ አሮጊቷ የሠርግ ዘፋኝ መሆናቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ መሆኑን። ቫልጂ «ሠርግ» የሚለውን ሲሰማ እጁ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ከአገሩ የወጣው ታናሽ እኅቱ ልትዳር ስትል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠርግ ዘፈን በጆሮው አልገባም።

«ዝፈኚልኝ» አለ። «ዝፈኚልኝና ሳላይ እሰጥሻለሁ።»

ጉድ ፈላ! ስመኝ ተቀባይ ናት። ተቀባይ ደግሞ ዘፈን አታነሣም። ብታነሣ ሥርዓቱን መጣሷ ነው፤ ባታነሣ ባዶ እጇን መመለሷ ነው። ዓይኗን ጨፈነችና አነሣችው። ሕንዱ ማጨብጨቡን ከየት እንደተማረው እንጃ፣ ተቀበላት! መንገደኛው ቆመ፤ ግመል ነጂው ግመሉን ረሳ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቫልጂ እያለቀሰና እየሳቀ መድኃኒቱን ቋጠረላት፤ እርድና ቅርንፉድ የተወቀጠበት የሰሊጥ ዘይት፣ የምላስ መፋቂያ ቀጭን የመዳብ ጎባጣ፣ ኒም ከሚባል ዛፍ የተቆረጠ አንድ እስር መራራ መፋቂያ።

«ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ዘይቱን ለብ አድርጋ አፏ ውስጥ ታመላልሰው። ቀጥኖ ነጭ ሲሆን ትትፋው። እንዳትውጠው! ከዚያ ምላሷን ከኋላ ወደ ፊት ትፋቅ። በመፋቂያው ጫፉን አኝካ ድዷን በቀስታ ትነካካው።»

ወሬው ከስመኝ ቀድሞ ጎሽ ውሃ ደረሰ። «ስመኝ ማዶ ከተማ አውራጅ ሆነች!» ተባለ። ገና ከመግባቷ ፊት ነሷት።

መድኃኒቱ ግን ገባ። ዳኑ ብላችሁ እንዳትነሡ፣ ቆዩ! በሰሊጥ አገር ዘይት መሬት ላይ የደፋ ሰው ክምር ያቃጠለ ያህል ነው የሚታየው። እመት ዘርፈሽዋል ዘይቱን ጎረሱ፤ አመላለሱ፤ ትፉ ሲባሉ ዞር አሉና ዋጥ!

«ተፉት እመት?»

«ተፋሁት።»

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወደ ጓሮ ሲሮጡ ዋሉ። በማግስቱም እንደዚያው። በከተማው፣ «ሕንዱ መርዝ ነው የሰጣት!» ተባለ፤ ስመኝ ከቤት መውጣት አቃታት። ለሠርጉ ደግሞ የቀረው ሳምንት ገደማ ነው።

ይህን ጊዜ ይርገዱ መጣች። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር፤ የይርገዱ ሰሊጥ ደርቆ ፍሬው ሊረግፍ ጫፍ ላይ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ ቅርፊቱ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ነው። ማጭዷን ሰቅላ መጣች። አሮጊቷን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«እየዋጡት ነው።»

«የሰሊጥ ዘይት ልትፋ? ያበድኩ መሰለሽ?»

ይርገዱ አልተከራከረችም። በማግስቱ ጠዋት እሷም ዘይቱን ጎረሰችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አፏን እንደዘጋች የትርንጎን የሠርግ ዘፈን በአፍንጫዋ ማዜም ጀመረች። ያውም አበላሽታ! መውጣት ያለበትን አወረደችው፣ መውረድ ያለበትን አወጣችው። እመት ዘርፈሽዋል ዓይናቸው ፈጠጠ። ሊሰድቧት ፈለጉ፤ አፋቸው ሙሉ ነው። አላስቻላቸውም፤ ዜማውን ራሳቸው በአፍንጫቸው ማቃናት ጀመሩ። እያዜሙ መዋጥ አይቻል! እሷ ታጣምማለች፣ እሳቸው ያቀናሉ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ዘይቱ ቀጥኖ ነጣ። ያን ጊዜ ይርገዱ ጓሮ ወጥታ ፓፓያው ሥር ተፋች።

«መሬት ላይ አልደፋሁትም፤ ዛፉ ይጠጣዋል» አለች።

እሳቸውም ሄደው ተፉ። «ዜማ ግን አታውቂም፤ አንቺን ተቀባይ ያደረግሁ እኔ ልሙት!» አሉ። ይርገዱ ሳቀች። ምላሳቸውን ፋቀችላቸው፤ መራራውን መፋቂያ እያኘከች ጫፉን አለሰለሰችላቸው። በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። እብጠቱ ወረደ፤ መግሉ ቆመ፤ የሚዞር ፊት ጠፋ፤ የከተማው «ጉንፋን» ሁሉ በአንድ ሳምንት ለቀቀ። የይርገዱ ሰሊጥ ግን ረገፈ፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት ወፍ ለቀመው።

የሠርጉ ቀን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እመት ዘርፈሽዋል ከበሮውን አንግተው ብቅ አሉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ነጭ ጥርስ፣ ጥቁር ድድ! «ሆ!» አሉ። ትርንጎ ተሸፋፍና ሳለ ከመጋረጃው ውስጥ ጮክ ብላ አለቀሰች። ቫልጂ ተጋብዞ ነበር፤ ጫማው እስኪበጠስ ጨፈረ። አያ ቢተው እንኳ ቂማቸውን ረስተው ትከሻቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ደስታ ዳግም አላየሁም፤ እውነቴን ነው።

በማግስቱ እመት ዘርፈሽዋል ሦስቱን ጠሩ። አንጓችን አቅፈው ሳሟት፤ ቅያሜው በዚያው ቀረ። ከበሮውን መካከል አስቀመጡ።

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «አፌን የመለሰልኝ ይውሰደው። ማን ነው?»

«እኔ ባልናገር ጥርስዎ ዛሬ በአያ ቢተው ከረጢት ውስጥ ነበር» አለች አንጓች።

«እኔ ባልሄድ ድድዎ እየበሰበሰ ይቀር ነበር» አለች ስመኝ። «ሥርዓት ጥሻለሁ፤ የጣስኩት ግን ለእርስዎ ነው።»

ይርገዱም፣ «እኔ ባልቀመጥ ዘይቱ ሆድዎ ውስጥ ነበር» አለች።

ከተማው ሦስት ቦታ ተከፈለ። «አንጓች እውነት ተናገረች፤ ግን ማዋረድ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?» የሚል አለ። «ስመኝ መድኃኒቱን አመጣች፤ ግን ሥርዓት የጣሰች ሴት የሥርዓት ከበሮ ልትይዝ?» የሚል አለ። «ይርገዱ ሰሊጧን ሰጠች፤ ታዲያ ዜማ ማበላሸት የለመደች አውራጅ ትሁን?» የሚል አለ። «ሆን ብላ ነው እንጂ!» ሲባል ደግሞ ጭቅጭቁ እንደገና ይጀመራል። እኔና ባለቤቴ እንኳ በዚህ ነገር ተኳርፈን ምሳ ለየብቻ በልተናል፤ ማን ለማን እንደፈረደ አልነግራችሁም።

እመት ዘርፈሽዋል ግን ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ተነሡና ከተቀባዮቹ ሰልፍ ገብተው ቆሙ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳነሣ ኖርኩ» አሉ። «አሁን አፌ ድኖልኛል፤ መቀበል አማረኝ። የምቀበላትን አምጡልኝ።»

የፊታችን እሑድ ሌላ ሠርግ አለ። ከበሮው መሬት ላይ ነው፤ አሮጊቷ እጃቸውን ለጭብጨባ አዘጋጅተው ቆመዋል። እናንተ ብትሆኑ፣ በአንጓች፣ በስመኝ ወይስ በይርገዱ አንገት ታንጠለጥሉታላችሁ?