ያ አደጋ የት ሄደ?

አንድ ሰው ነበረ። ሐዋሳ ውስጥ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መደብር አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ኅብረት አይቀርም፣ አሥራት አያስቀርም፣ ሚስቱን አይሳደብም። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? የሌባ ታሪክ ነው ብላችሁ ወንበራችሁን ደገፍ እንዳትሉ ነው። ታሪኩ የእናንተና የእኔ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ሃያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ይህ ሰው መኪናውን ከመደብሩ ደጃፍ ወደ ኋላ ሲያወጣ የቆመች ፒክአፕ ገጨ። የፒክአፗ በር ወደ ውስጥ ገባ እንጂ ሰው አልተጎዳም፤ ጌታ ይመስገን። ባለቤቷም አልጮኸም። «ኢንሹራንስ አለህ አይደል? በቃ» አለው።

ሰውየው ወደ መድን ድርጅቱ ሄዶ ቅጽ ሞላ። ስም፣ ንጉሤ። የአባት ስም፣ ዳምጤ። የአያት ስም የሚለው ጋ ሲደርስ መደብሩ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቀው ነበርና ባዶውን ተወው። እናውቀዋለን አይደል? እኛ አገር ስምህ ማነው ሲባል አያቱን የሚጠራ ማን አለ? አያታችን የሚታወሱን ፓስፖርት ስናወጣ ነው። ድርጅቱ የፒክአፗን በር አሠራ፤ ነገሩ ተረሳ።

ግንቦት ላይ መድኑን የሚያድስበት ወር ደረሰ። አብዛኞቻችሁ መኪና የላችሁም፤ ያለንም አንዳንዶቻችን እየገፋን ነው የምንመጣው። ስለዚህ ላስረዳችሁ። ዓመቱን ሙሉ አደጋ ሳታደርሱ፣ ካሳ ሳትጠይቁ ከከረማችሁ፣ ስታድሱ ከክፍያው ላይ ይቀነስላችኋል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ቅናሹም ይጨምራል። አንድ ጊዜ ካጋጫችሁ ግን ቅናሹ ይነሣል። ደንቡ ይኸው ነው።

ንጉሤ ቅናሹ እንደሚነሣበት ያውቅ ነበር። ደብዳቤውን ሲከፍተው ግን እንዲህ ይላል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ላለፉት አራት ዓመታት ምንም አደጋ ባለማድረስዎ ምስጋናችንን እያቀረብን፣ ከፍተኛው ቅናሽ የተሰጠዎት መሆኑን እንገልጻለን።»

አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየው። ታኅሣሥስ? ፒክአፗስ? ሚስቱን ወይንሸትን ጠርቶ አሳያት።

«እንግዲህ ዝም በል» አለችው። «ጌታ ሲባርክ ተሳስተሃል ይባላል እንዴ?»

ሳቁ። ሳቃቸው ደስ ይል ነበር፤ እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም።

በዚያው ሐሙስ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ የቤት ኅብረት ነበራቸው። ምስክርነት ያለው ሲባል ንጉሤ ተነሣ። አዎ፣ ምስክርነት አደረገው! ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ እያውለበለበ፣ «ወገኖች፣ ጌታ መዝገቤን አጠፋልኝ!» አለ። እልልታው ቀለጠ። ዐሥራ ሁለት ሰው ለአንድ የጸሐፊ ስሕተት ጌታን አመሰገነ። እኔም በቦታው ብኖር አጨበጭብ ነበር።

እልል ያላሉት እማማ አስካለች ብቻ ናቸው። እማማ አስካለች ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ጫጫታው ጋብ እስኪል ጠበቁና፣

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አሉ።

«ይጠይቁኝ እማማ።»

«ያ አደጋ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል እማማ? ጠፋ እኮ ነው የምልዎት!»

«አይ ልጄ» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን አንሶላ ሳድል ነው የኖርኩ። አንዱ ክፍል አንሶላ ሲተርፈው እዚያ ያሉት ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ወደ ሌላው ክፍል እሮጥ ነበር። አንድ በሽተኛ ባዶ ፍራሽ ላይ ተኝቷል ማለት ነዋ! አንተ ጋ ከተረፈ ማን ጋ ጎደለ? እሱን ነው የምጠይቅህ።»

የኅብረቱ መሪ ቶሎ ብሎ መዝሙር አነሣ። እንዲህ ያለ ጊዜ መዝሙር እናነሣለን አይደል? መዝሙሩ ግን ለንጉሤ አልሠራለትም። ዓርብ ቀለም ሲበጠብጥ የእማማ ጥያቄ መጣ። ቅዳሜ መጣ። እሑድ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰኞ ጠዋት መደብሩን ለወይንሸት ትቶላት ወደ መድን ድርጅቱ ሄደ።

መስኮቱ ላይ ያገኛት ሩሐማ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት። «ስሕተት ላስተካክል ነው የመጣሁት» አላት።

«ቅናሽ ቀርቶብዎት ነው?»

«አይደለም። ተሰጥቶኝ ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የመጣባት ሰው የለም። ነገሩን ነገራት። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ተነሥታ ከመደርደሪያ የወረቀት ፋይል አወጣች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ፋይል አወጣች። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ምነው?» አላት።

«ንጉሤ ዳምጤ ሁለት ናችሁ» አለችው። «ንጉሤ ዳምጤ አንበርብር እርስዎ ነዎት። ንጉሤ ዳምጤ ወልደሰንበት የሚባሉ ሌላ ሰው አሉ። የእርስዎ ቅጽ የአያት ስም የለውም። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ በስም ብቻ ስለተፈለገ እርስዎ ያደረሱት አደጋ እሳቸው ላይ ተመዝግቧል።»

«እና ሰውየው ምንም አላሉም?»

ሩሐማ ፋይሉን ዘጋችው። «መጡ እንጂ። የካቲት ላይ አጋጭተዋልና ቅናሽዎ ተነሥቷል የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጡ። ‹እኔ መኪና አላጋጨሁም› አሉ። እኛም በስምዎ ተመዝግቧል ብለን ወረቀቱን አሳየናቸው። በሦስተኛው ልጃቸው ይዛቸው መጣች። እሳቸውን ውጭ አስቀምጣ ብቻዋን ገባችና ‹ይቅርታ አድርጉልን፣ አባቴ ሰሞኑን ይረሳል› አለችኝ። እኔ ደግሞ አይዞሽ ብዬ ሸኘኋት።»

ወገኖቼ፣ ንጉሤ እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ አፈረ። ባዶ የተዋት ያቺ ቦታ ከአንድ ሽማግሌ ላይ አእምሮውን ወስዳ ነበር። ሩሐማ ዛሬውኑ የእርማት ደብዳቤ እንጽፋለን አለችው። እሱ ግን፣ «ያሳመማቸው ደብዳቤ ነው እኮ። ራሴ ልሂድ» አላት። እሷም ለልጅየዋ ደውላ አስፈቀደችለት።

ሽማግሌው ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። በጡረታቸው አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረቻቸው። በእሷ ወደ ገበያ ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ያ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ግን ልጃቸው ሶስና ቁልፉን ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። በክፋት አይደለም። ልጆቹን የጫነ ሰው አጋጭቶ ከረሳ ምን ታድርግ? እናንተስ ብትሆኑ?

ንጉሤ ሲገባ ሽማግሌውን ግቢው ውስጥ፣ ከቮልሷ አጠገብ፣ በወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጭናቸው ላይ ሰማያዊ ደብተር አለ። ሰላምታ ሰጥቷቸው ጎንበስ ሲል የተጻፈውን አየ። «ምድጃውን አጥፍቻለሁ። የግቢውን በር ቆልፌአለሁ። መድኃኒቴን ጠዋት ውጬአለሁ።» ገጹ ሙሉ ነው። ራሳቸውን ማመን ስላቃታቸው ያደረጉትን ሁሉ ይጽፉ ነበር።

«አባባ» አላቸው። «እኔም ንጉሤ ዳምጤ ነኝ። ያቺን ፒክአፕ የገጨኋት እኔ ነኝ። በስሕተት እርስዎ ላይ ተጻፈ እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

አልተቆጡም። ዓይን ዓይኑን አዩት።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«በስንት ቀን ነበር?»

«ታኅሣሥ ሃያ፣ ረፋድ ላይ።»

«ታኅሣሥ ሃያ እኔ ሻሸመኔ ለቅሶ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው። «በሚኒባስ ነው የሄድኩት። ይህን ስነግራቸው ‹እሱ ሌላ ቀን ነው አባዬ› አሉኝ። ሲደጋገም እኔም ሌላ ቀን ይሆናል አልኩ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማሽ ሶስና? አልረሳሁም።»

ይህን ብለው አለቀሱ። ያ ትልቅ ሰው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ነፍስ ጭኖ ገደል ለገደል የነዳ ሰው፣ አልረሳሁም ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሶስና ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች። ንጉሤም አብሯት ተንበረከከ፤ መሬቱ ጭቃ ነበር፣ ግድ አልሰጠውም። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው የልጃቸውን፣ በሌላው የእሱን ራስ ይዘው ብዙ ቆዩ።

ሶስና ስትነሣ ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን አባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ሽማግሌው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ተነሣ ልጄ፣ ቤትህ ላድርስህ!»

አደረሱታም። በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር እየነዱ አደረሱት። ባጃጆቹ በግራም በቀኝም እየጮኹ ያልፏቸዋል፤ እሳቸው ምን ተዳቸው! ሰው በሌለበት መታጠፊያ ሁሉ ፍሬቻ ያሳያሉ። ንጉሤ ቤት በር ላይ ሲደርሱ እንኳ፣ ከኋላቸው አንድም መኪና ሳይኖር፣ ፍሬቻ አሳይተው ቆሙ። ንጉሤ ያን ዓመት ሙሉውን ከፍሎ አደሰ። ወይንሸትም አልተቆጣችም፤ ከመስኮቱ ሆና ቮልሷን አይታ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ውስጥ «ጌታ አጠፋልኝ» ብላችሁ ያጨበጨባችሁበት ነገር ስንት ነው? ደግ ነው፤ ጌታ ያጠፋል። ግን የእማማ አስካለችን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያ አደጋ የት ሄደ?

ቀለበት ጠፍቶባችሁ ሠራተኛችሁን «አንቺ ነሽ» ብላችሁ ያባረራችሁ አላችሁ። ቀለበቱ ከወር በኋላ ከፍራሹ ሥር ተገኘ። ጌታ ይመስገን አላችሁ፣ ጣታችሁ ላይ አጠለቃችሁት። ልጅቷስ? አገሯ ገብታ እናቷ ፊት ሌባ ተብላ ተቀምጣ ይሆናል። ሄዳችሁ ፈለጋችኋት?

ቢሮ ውስጥ የእናንተ ስሕተት በባልደረባችሁ ስም አልፏል፤ እሱ እድገት ቀርቶበታል፣ እናንተ ዝም ብላችኋል። ቤታችሁ ውስጥ፣ ሚስትህ ያላለችውን አለች ብለህ፣ ተሟግተህ አሸንፈሃት፣ ዛሬ አንድ ነገር ከመናገሯ በፊት «እኔ እንጃ፣ ተሳስቼ ይሆናል» ትላለች። አንተም «መሳሳት ጀምራለች» ትላለህ። እስቲ ደብተሯን እየው።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ፓስተር፣ እኔ እኮ ለጌታ ነግሬዋለሁ፣ መስቀሉ ሥር ጥየዋለሁ» ትላላችሁ። መልካም። የሌላውን ጥፋት ወዶ የተሸከመ አንድ ጌታ አለን። አባባ ንጉሤ ግን ወደው አልነበረም። ማንም አልጠየቃቸውም። ሰው ላይ ጭነን ስናበቃ ለጌታ ሰጠሁ አንበል። መጀመሪያ ከሰውየው ላይ እናውርድ፤ ያን ጊዜ ጌታ የእኛን ይቀበለናል። እርግጠኛ ሁኑ፣ ይቀበለናል። ንጉሤ ያን ቀን ጭቃ ላይ ተንበርክኮ የተነካውን ያህል በየትኛውም ጉባኤ ተነክቶ አያውቅም፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሽማግሌው ያን ማታ ደብተራቸውን ከፍተው ጻፉ። ስለ ምድጃው አልጻፉም፣ ስለ በሩም አልጻፉም። ሶስና ነች ለንጉሤ ያሳየችው። ሁለት መስመር ነው፦ «ዛሬ አንድ ሰው መጣ። እኔ አልነበርኩም።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ባዶ ነው፤ መጻፍ አላስፈለጋቸውም።

ወገኖቼ፣ እናንተ ያጠፋችሁትን የሚሸከም፣ ራሱን የሚጠራጠር፣ ደብተር ይዞ የተቀመጠ ሰው አለ። የት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ስልኩም አላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ምሳ አትብሉ፣ ሂዱና በሩን አንኳኩ።