ቅቤ የተቀቡት ግልገሎች

አንድ ጊዜ፣ ባለቤቶቹ ጥለውት በሄዱት ጎጆ ውስጥ ውሮ የሚባል ድመት ይኖር ነበር። ክረምቱ ሚስቱንና ታናሽ ልጁን ወሰደበት። የቀረለት ትልቁ ልጁ ነብሮ ብቻ ነው። ነብሮ በገለባው መኝታ ላይ ከግድግዳው ተለጥፎ ይተኛል፤ የወንድሙን ቦታ አይነካም።

አንድ ቀን ውሮ ከገደል ሥር የሚያለቅስ የድመት ግልገል አገኘ። እናት የለውም። ጠጉሩ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነው። ማጅራቱን ይዞ አመጣውና ጥቀርሻ ብሎ ስም አወጣለት። ከዚያም በባዶው ቦታ ላይ አስተኛው።

«ነብሮ፣ ወንድም አመጣሁልህ!» አለ ደስ ብሎት።

የነብሮ ጠጉር ቆመ። ጥቀርሻን ቧጭሮ ከደጅ አስወጣው። ውሮ መልሶ አስገባው፤ ነብሮ መልሶ አስወጣው። ውጭ ያደረ ግልገል የጅብ ራት እንደሚሆን ውሮ ያውቃል፤ ሌላ ልጅ ለመቅበር ደግሞ አቅም የለውም። ስለዚህ የጨነቀው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ሽማግሌ ጠራ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱ ጅብ ነበር። በዚያ አገር ያለ አያ ጅቦ የተጀመረ ሽምግልና የለም፤ ባይጠሩትም ይመጣል።

ሌላዋ ሽማግሌ እመት ቀበሮ ከሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ልጆቹ ለምን ተጣሉ?»

«እኔ እንጃ፣ እሜቴ።»

«ጠይቀሃቸዋል?»

«ምን ይጠየቃሉ!» ብሎ አያ ጅቦ ጣልቃ ገባ። «ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ አፉን ሊከፍት ነው? መድኃኒቱ ቅቤ ነው። ልጅ ሲወለድ አናቱን ቅቤ ይቀባ የለ? ሁለቱንም ከአናት እስከ ጅራት ቀባቸው። ሽታቸው አንድ ይሆናል። ሽታው አንድ የሆነ አይጣላም።»

ምክሩ ለውሮ የዐዋቂ ምክር መሰለው።

«ስትቀባቸው ገለባው ላይ አስቀምጣቸው» ሲል አያ ጅቦ ቀጠለ። «በሩን ክፍት ተወውና ራቅ በል። ልጅ አባቱ ፊት ይሞላቀቃል። ጨውም ትንሽ ነስነስ ብታደርግባቸው...»

ቀበሮ እግሩን ረገጠችው።

«ጨዉ ደግሞ ለምንድን ነው፣ አያ ጅቦ?» አለ ውሮ።

«ለ... ለበረከት ነዋ!»

ውሮን ቅር አለው። ግን የሽማግሌ ቃል መጣስ ነውር ነው። ከመንደር አንድ ቅል ቅቤ ሰርቆ መጣ። ቀበሮ «የሽማግሌ ድርሻ» ብላ ግማሹን ላሰችና መርቃ ሄደች። ጨዉን ውሮ ረሳሁት አለ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግልገሎቹን ገለባው ላይ አስቀምጦ ቀባቸው። ከእነሱ ይልቅ ገለባው ብዙ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ እንደታዘዘው ወጣ፤ ግን አልራቀም። ከጣራው ላይ ሆኖ በሣሩ ክዳን ቀዳዳ ያያል።

ነብሮ መጀመሪያ የራሱን እግር ላሰ። ቀጥሎ የጥቀርሻን ጀርባ።

«አትንካኝ!» አለ ጥቀርሻ።

«አንተን ማን ነካህ? ቅቤውን ነው።»

«ቅቤው ያለው እኔ ጀርባ ላይ ነው!»

«ታዲያ ጀርባህን እዚህ ማን አምጣ አለህ?»

ጥቀርሻ የነብሮን ጆሮ ላሰ። ጥሩ ቅቤ ነበር። ሁለቱም ተላላሱ።

«ለምንድን ነው የወንድሜ ቦታ ላይ የተኛኸው?» አለ ነብሮ በመጨረሻ።

«እኔ መች መረጥኩ? አባትህ ነው ያስተኛኝ። ገለባው እንኳ ያሳክከኛል።»

«ቆጡ ላይ ጆንያ አለ።»

«እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ጣራው ላይ ውሮ አንገቱን ደፋ።

ሁለቱ ቆጡ ላይ ወጥተው በጆንያው ውስጥ ሲጠቀለሉ አያ ጅቦ በተከፈተው በር ገባ። ቤቱ ጨልሟል። ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ውሮ ሊዘልበት ጥፍሩን አወጣ፤ ጅቡ ግን ወደ ላይ ቀና አላለም። ሽታው የበረታበትን ቦታ አግኝቶ ባንድ ጉርሻ ያዘው፣ ሳያኝክ ዋጠው፣ ደገመው። እየሳለ ወጣ።

ቀበሮ በሩቅ ትጠብቀው ነበር።

«ሠመረ?»

«ሠምሯል» አለ ከጥርሱ መሐል ጭድ እየጎተተ። «ግን ምን ልጆች ናቸው! ገለባ ገለባ ይላሉ።»

በማግሥቱ ነብሮ ከቆጡ ወረደ። መኝታው የለም። ባዶ አፈር ነው።

«አባዬ፣ የወንድሜን ቦታ ማን ወሰደው?»

«ጅብ በላው፣ ልጄ።»

ነብሮ ከአፈሩ ዳር ተቀመጠ። ጥቀርሻ ተከትሎት ወረደ። አፈሩን አልረገጠም፤ ዞሮ መጥቶ ከነብሮ ጎን ተቀመጠ። ነብሮ አልገፋውም።

አያ ጅቦ ሁለቱ በአንድ ጆንያ እንደሚያድሩ ሲሰማ ለጊዜው ግራ ተጋባ፤ ቆይቶ ግን «ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ» እያለ ባገሩ ሁሉ አወራ። ማንም አልተከራከረውም።

ከዚህ የምንማረው የሞተ ልጅ ቦታ በሌላ ልጅ እንደማይሞላ፣ ከጎኑ ግን ለሌላ ልጅ ቦታ እንደማይጠፋ ነው።