«እንብላ» ባዩ ነጋዴ

አንድ ጥላዬ የሚባል ነጋዴ ምሳውን ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መብላት ይወድ ነበር። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «እንብላ!» ይላል፤ አላፊ አግዳሚውም «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ ያልፋል። በዚያ ከተማ «እንብላ» ማለት «ደህና ዋልክ» ከማለት አይለይም ነበር። እሺ ብሎ የቀረበ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ቢቀርብማ ጉድ ነው!

ጎረቤቱ እትዬ አጸደም ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ጠግቤያለሁ» ይሉታል። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ግን ጦማቸውን የሚያድሩበት ቀን በዝቷል። ሰው ፊት «ርቦኛል» ከማለት ሞታቸውን ይመርጣሉ።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ጥላዬ እንደ ልማዱ «እንብላ!» አለው። መንገደኛው «እግዜር ይስጥልኝ» አለና እጁን ታጥቦ ቁጭ አለ። ደግሞም በደንብ አድርጎ ይጎርስ ጀመር። ጥላዬ አንጀቱ አረረ።

«ወንድሜ፣» አለ መታገስ ሲያቅተው፣ «እኛ ዘንድ እኮ ይሄ ለወግ ያህል የሚባል ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

መንገደኛው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ አላወቅኩም። ግን የምር የራበው ሰው ሲያገኙ ምን ብለው ነው የሚጠሩት?»

ጥላዬ «እንብላ ብዬ ነዋ!» ሊል ብሎ ተወው። ሌላ ቃል የለውማ! ፊቱ በእፍረት ቀላ።

ይህን ጊዜ እትዬ አጸደ ብቅ አሉ።

«እትዬ አጸደ፣ እንብላ!»

«ብላ ልጄ፣ ጠግ...» ብለው ቀና ሲሉ ጥላዬ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ የእጅ ውሃ ይዞ ቆሟል። ውሃውን አዩት፤ እሱንም አዩት።

«እሺ» አሉ በቀስታ።

መንገደኛው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። እትዬ አጸደ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጡ እንባቸው መጣ፤ ከረሃቡ ይልቅ የከበዳቸው «ጠግቤያለሁ» ማለቱ ነበርና እፎይ አሉ። ጥላዬም እፎይ አለ። ምሳው እንደዚያ ቀን ጣፍጦት አያውቅም።

ቃል ብዙ አፍ ላይ ስለተንከራተተ ትርጉሙ ይጠፋል የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የምር የሚለው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል እንጂ። እናንተስ? ዛሬ «እንብላ» ያላችሁት ሰው «እሺ» ቢላችሁ፣ ጠጋ ትሉለታላችሁ ወይስ ትደነግጣላችሁ?