ሰው የማይኖርበት መሬት

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ገብታ፣ የሚጠበቅባትን ሁሉ ከፍላ፣ የቤት መሥሪያ ቦታዋን ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ። አከራይ ባስወጣት ቁጥር ዕቃዋን እያሸከመች ከሰፈር ሰፈር መንከራተቱ ሲመራት፣ ማኅበሩን ለሸማቾች ጉዳይ ችሎት ከሰሰች።

ሊቀመንበሩ አቶ ሸዋንግዛው ከረባታቸውን አስተካክለው ቀረቡና፣ «ክቡር ዳኛ፣ መሬቱን ያላከፋፈልነው ለአባላቱ አዝነን ነው። ረግረግ ስለሆነ ክረምት ከበጋ ውኃ ይተኛበታል፤ ሰው አይኖርበትም» አሉ። ቀጥለውም ወደ ከሳሿ ዞሩ።

«እስቲ አንቺ ሴትዮ፣ ይኖርበታል ካልሽ መሐንዲሶቻችንን ውሸታም ማለትሽ ነው። አይኖርበትም ካልሽ ደግሞ ክስሽን አንሺና ወደ ጉሊትሽ ተመለሺ። ሰው ይኖርበታል ወይስ አይኖርበትም?»

ዳኛው ብዕራቸውን ይዘው መልሷን ጠበቁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ሰው አይኖርበትም» አለች።

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ድምጿን ሳትለውጥ ቀጠለች።

«ትናንት ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ፎቅ ሠርተው የሚኖሩበት እርስዎ ብቻ ነዎት።»